ኪዮቶ ላይ ላስታመማችሁኝ

ይድረስ ለእማማ። ስምዎን እዚህ አልጽፍም፤ ሰው ፊት መጠራት አይወዱም። የልጅ ልጅዎ በስልኳ ተርጉማ ታነብልዎታለች ብዬ ነው።

ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ የገባሁት የጃፓኖቹ አዲስ ዓመት ሊገባ 2 ቀን ሲቀረው ነው። ዋዜማው ላይ ትኩሳት ጣለኝ። ብዙው ክሊኒክ እስከ ጃንዋሪ 3 ዝግ ነው። እንግዳው ሁሉ ሄዶ ማረፊያው ውስጥ እኔና እርስዎ ብቻ ቀረን።

ማታ ሶባ ይዘውልኝ መጡ፤ ዓመቱ ሲያልቅ የሚበላ፣ እንደ ፓስታ የረዘመ ነገር ነው። መረቁ ከደረቀ ዓሣ እንደሚሠራ ስለማውቅ በስልኬ "ጾመኛ ነኝ" አልኩ። ትሪውን አንስተው ይዘውት ሄዱ! ለካ ስልኬ "ምንም አልበላም" ብሎ ነው የተረጎመው። አንጀቴ ሲታጠፍ አመሸሁ። በኋላ የልጅ ልጅዎ ደውላ "ሾጂን" ስትልዎት ገባዎት። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው፣ ሥጋም ዓሣም የለበትም። ወዲያው እንደ አጥሚት የላላ የሩዝ ገንፎ መጣ፤ መሃሉ ላይ አንዲት ቀይ ጨዋማ ፕለም ጉብ ብላለች። ፊቴን አጨማደደችው፤ ግን የምግብ ፍላጎቴን መለሰችው።

እኩለ ሌሊት ላይ የቤተ መቅደሱ ደወል 108 ጊዜ ይደወላል። የእኛን 41 እግዚኦታ አስታወሰኝ። 30 ድረስ ቆጥሬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ግንባሬ ላይ ያለውን ፎጣ ሲቀይሩልኝ ግን ይሰማኝ ነበር።

ጃንዋሪ 7 ለእኔ ገና ነው። ለእርስዎ ደግሞ 7 ዓይነት ቅጠል የገባበት ገንፎ የሚበላበት ቀን፤ በበዓል ምግብ የደከመ ሆድ እንዲያርፍ። የእኔ ሆድ እኮ ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲያርፍ ነው የከረመው! በዶሮ ቀን ቅጠል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጨረስኩት። እውነቱን ልናገር፣ ሣር ሣር ይላል።

አንተ ደግሞ ከኦሳካ በባቡር ድርቆሽና በርበሬ ይዘህ የመጣኸው ልጅ፣ እጅህ ይባረክ። ሳታውቀኝ "አበሻ ታሟል" ሲባል ሰምተህ ነው። የእማማን ኩሽና በቁሌት አጠንከው። እሳቸው እያስነጠሱ በዚያ ብርድ መስኮት ከፈቱ። ፍርፍሩን ሲቀምሱ ግን ዝም አሉ፣ ከዚያ ሳህናቸውን ድጋሚ አቀረቡ።

እማማ፣ የተረፈውን በርበሬ ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ ከሶያ ሶሱ አጠገብ ትቼልዎታለሁ። እባክዎ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ብቻ።