አባዬ፣ እሺ ይበሏቸው

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደሴ በርዷል። የጦሳ ተራራ ሰሞኑን ጉም ለብሶ ነው የሚያረፍደው። ደሴ እንዲህ ከሆነች ዋድላ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ጋቢውን የላክሁልዎ። ማኅሌት ሲቆሙ ከውስጥ ይደርቡት። ደብዳቤውን ታናሽ ወንድሜ ያነብልዎታል። እባክዎ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡት ይስሙት።

ነገሩን የሰማሁት ከእሱ ነው። ሰበካ ጉባኤው ለእርስዎና ለሦስቱ ዲያቆናት ወር በወር ደሞዝ ሊቆርጥላችሁ ተስማምቶ ነበር አሉ። እርስዎ ግን ብድግ ብለው «በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ ተብሏል። እኔ ዜማ አልሸጥም» አሏቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ወዲያ ደፍሮ የሚናገር ጠፋ። ገንዘቡም ለቆርቆሮ ዞረ።

እኔም እዚያ ብኖር እልል እል ነበር። የእርስዎ ልጅ በመሆኔ ሁሌም እኮራለሁ። ግን ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ ያገኘሁት ሰው እንቅልፍ ነሳኝ።

ከወገልጤና መኪና ወርጄ ሻንጣዬን ሳነሳ አንድ ወጣት «ልሸከምልሽ?» አለኝ። ቀና ስል አወቅሁት። እሱም አወቀኝና አንገቱን ደፋ። ያ ከእርስዎ ዘንድ የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ የዘለቀው ልጅ ነው፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ጠዋት ደጃችን ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ድምፁ ከሁሉም ተለይቶ የሚሰማው። ቅኔውን እዚያው ዋድላ ቆጠረ። ጎንደር ድረስ በእግሩ ሄዶ የማኅሌቱን አቋቋም ተምሮ ተመለሰ። ሁለት ልጆች ወልዷል። አሁን ጭነት ይሸከማል።

ሻይ ጋበዝሁትና «ለምን ለሰበካ ጉባኤው አትነግራቸውም?» አልሁት። ያለኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎ፤ «የኔታ እምቢ ያሉትን እኔ እንዴት አፌን ሞልቼ እጠይቃለሁ? ሆዳም እባላለሁ።»

አባዬ፣ እርስዎ ለራስዎ ብቻ እምቢ ያሉ መስሎዎት ነበር። ለእሱም ጭምር ነው እምቢ ያሉለት።

የጠቀሱትን ቃል ተመልሼ አነበብሁት። ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ቁጥር 8 ነው። ሁለት ቁጥር ወረድ ሲሉ እዚያው ቁጥር 10 ላይ «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» ይላል። ያው ጌታ፣ ለእነዚያው ሐዋርያት፣ በዚያው ንግግር። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ማንንም ሳያስቸግር አገለገለ፤ እርስዎ ሁልጊዜ የሚያነሱት ነገር ነው። ግን የቆሮንቶስን መልእክት ሲጽፍ መብቱን ለራሱ ተወ እንጂ የሌሎቹን አልተወባቸውም። «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» ያለውም እሱ ነው። በሬ ያለን ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከሁሉም የነካኝ ግን ነህምያ ነው፣ ምዕራፍ 13። ከሄደበት ሲመለስ ቤተ መቅደሱ ጭር ብሎ አገኘው። ለሌዋውያኑ ድርሻቸው ስላልተሰጠ እነሱም መዘምራኑም እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄደው ነበር። ነህምያ ታዲያ መዘምራኑን አልተቆጣም። የተቆጣው ሹሞቹን ነው፤ «የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ?» ብሎ። የእኛዎቹ ደግሞ የሚሄዱበት እርሻ እንኳ የላቸውም፤ ከመሬት ድልድሉ በኋላ የተወለዱ ናቸው። መናኸሪያ ነው የሚሄዱት።

«አባቶቻችን ያለ ደሞዝ ነው ያገለገሉት» ይሉኛል። አያቴ ግን የሰሞን መሬት ነበራቸው፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። የሚያገለግል ያርሰዋል ወይም ያሳርሰዋል፤ ማገልገል ሲተው ለተተካው ያልፋል። ይህ ደሞዝ ካልሆነ ምንድን ነው? በብር ፋንታ በገብስ መከፈሉ ብቻ ነው ልዩነቱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲባል ያ ቀረ። አዋጁ ላራሹ እፎይታ ነበር፤ ጭሰኛው የነበረበትን አይተዋል፣ አያሳዝነኝም። ነገር ግን መሬቱ ሲሄድ አገልግሎቱ አልቆመም። ማኅሌቱም፣ ሰዓታቱም፣ ፍትሐቱም እንደ ነበረ ቀጠለ። ማን ከፈለው?

እማዬ ናት የከፈለችው፤ ነፍሷን ይማርና።

ይህን በሌላ ጊዜ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። አሁን ግን ልጻፈው። ሌሊት እርስዎ መቋሚያዎን ይዘው ሲወጡ እሷም አብራ ትነሳ ነበር። ብቅሏን ትፈጫለች፣ ጥጧን ትፈትላለች። ቅዳሜ ጠላዋን ይዛ ኮን ገበያ ትወርዳለች። የእኔ ደብተር የተገዛው በዚያ ነው። የቆሎ ተማሪዎቹ ቁራሽ አልሞላ ሲላቸው የሚበሉትም ከሷ ሞሶብ ነበር። እርስዎ በነፃ አገለገሉ፤ እሷ ግን ለነፃው ከፈለች። አንድ ቀን እንኳ ሲከፋት አላየሁም። እጇን ግን አየሁት። የዚያ ልጅ ሚስትም እንደዚያ እንድትሆን አልፈልግም።

የሚፈሩትን አውቃለሁ። የቅዳሴ ዋጋ ይቆረጣል፣ መዘምር እንደ ሠርግ ዘፋኝ ይደራደራል ብለው ነው። ልክ ነዎት። አምና አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ጎረቤቴ ስትቀበር ልጇን «ይህን ያህል ካልተገኘ ፍትሐቱ አጭር ይሆናል» ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ። ልጁ ከለቀስተኛው መሐል እየዞረ ብር ሲለቅም ማየት ሞት ነው። ለዚህ እኮ ነው የወር ቀለብ የሚያስፈልገው! ቀለቡ ከተቆረጠለት ካህን መቃብር አፋፍ ላይ ማንም አይደራደርም። ድሃውም ሀብታሙም እኩል ይፈታል። ደብተራው ሲቸግረው ወደ ክታብ ጽሕፈት የሚገባውስ ለምንድን ነው? እርስዎ ሲጸየፉት የኖሩት ያ ሥራ ከረሃብ ነው የሚጀምረው።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ከእርስዎ አፍ ስንት ጊዜ ሰማሁት! በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈውን ጦር እግሩ ላይ ተከለበት። ሁለቱም አልታወቃቸውም። ዜማው አልቆ ጦሩ ሲነቀል ደሙ ፈሰሰ። እርስዎ ከዚህ የሚነግሩን ያሬድ ወርቅ አለመጠየቁን ነው፤ ወደ ስሜን ሄጄ ልመንን ብቻ ማለቱን። እውነት ነው። እኔ ግን ሰሞኑን የማስበው ንጉሡን ነው። ደሙን አይቶ ደነገጠ። «ስለ ደምህ ዋጋ የምትፈልገውን ጠይቀኝ» አለ። አለመጠየቅ የያሬድ ፈንታ ነበር፤ ጠይቀኝ ማለት የሰሚው ፈንታ። እኛ ሰሚዎቹ ስንት ዘመን ጦራችንን ተደግፈን ኖርን፣ ወደ እግራችሁም አላየን። አሁን ሰበካ ጉባኤው አየ። ሲያይ እንዴት እምቢ ይባላል?

ሰው ደመወዝን ደምና ወዝ ብሎ ይፈታዋል። ቃሉ ካስቀየመዎ ግን ደሞዝ አይበሉት። ድርጎ ይበሉት፣ ቀለብ ይበሉት፣ አባቶች እንደሚሉት። እኔ ወር ሲሞላ ደሞዜን ስቀበል ዕውቀት ሸጠች ብሎ ያማኝ የለም። የመጀመሪያውን ይዤልዎ ስመጣ እርስዎ ራስዎ «የላብሽን ይባርክልሽ» ብለው መርቀውኛል። ሠላሳ ተማሪ ዛፍ ሥር ያስቀመጡ መምህር፣ ያለ መጽሐፍ፣ የዜማውን ስልቶች፣ ግዕዙን ዕዝሉን አራራዩን፣ ከልባቸው እያወጡ የሚያስተምሩ፣ የእሳቸው ላብ ከእኔ ያንሳል?

ለራስዎ ካልፈለጉት ይተዉት። እኔም ወንድሜም አለንልዎ። ወይም ተቀብለው ለተማሪዎቹ ቀለብ ያድርጉት። እኔ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው በተናገሩበት ቦታ ይነሱና «የእኔ እምቢታ ለእኔ ነው፣ ለልጆቹ ስጧቸው» ይበሏቸው። ከእርስዎ አፍ ካልወጣ ማንም አይቀበለውም።

ወርኃ ጽጌ ገብቷል። እስከ ኅዳር 5 በየሳምንቱ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ትቆማላችሁ። ወንድሜ እንደሚለኝ አምና በግራ በኩል የሚመልሱት ሁለት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ አንዱም በጥር አረፉ። ዘንድሮ ማን ይመልስልዎታል?

ልጁ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኛል። እሺ ካሉ እኔ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ፣ የመኪናውንም እኔ እችላለሁ።

በረከትዎ ይድረሰኝ።

ልጅዎ፣ ከደሴ