የምሽቱን ቤት ስለ መዝጋቴ

ደሴ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ልጆቹም ጉልበትዎን ይስማሉ። ዛሬ የምጽፍልዎ ነገሩን ከሰው አፍ ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው። የምሽት ክለቡን እንደ ልማዳችን ሁዳዴ ሲገባ ዘግተነዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ግን አልከፍተውም። ምግብ ቤቱ ይቀጥላል።

ይህን ሲያነቡ «ተመስገን» እንደሚሉ አውቃለሁ። 11 ዓመት ሙሉ ለኮምቦልቻ ጎረቤቶችዎ «ልጄ ደሴ ሆቴል አለው» ይሉ ነበር እንጂ የክለቡን ስም አንድም ቀን አላነሡም። አልተቀየምኩም። ሆኖም የሒሳቡን እውነት ሳልነግርዎ ቤቱን መዝጋት አልፈለግሁም።

በ2006 ፒያሳ አካባቢ ቤቱን ስከራይ ምግብ ቤቱ ኪራዩን እንኳ አይችልም ነበር። እንደሚያውቁት በእኛ አገር የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ በየራሱ ቢላዋ፣ በየራሱ ድስት፣ በየራሱ ሰው እጅ ስለሚሠራ፣ ሁለቱንም አስተናግዳለሁ ያለ ሰው ለሁለት ወጥ ቤት ደመወዝ ይከፍላል። በዚያ ላይ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳን በሳምንቱ ተከትሎት ስለገባ፣ ሁለቱ ሥጋ ቆራጮቼ ቀን ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሽንኩርት እየላጡ ይውላሉ።

ኪራዩንም ደመወዙንም የሚሸፍነው የዓርብና የቅዳሜ ሌሊት ነበር። እናታችንን አዲስ አበባ ያሳከምንበት ገንዘብም ከዚያው የመጣ ነው፤ ያኔ «ከሆቴሉ ነው» ያልኩዎ እንዳይከፋዎ ብዬ ነበር። ድራፍቱ ከእናንተው ከኮምቦልቻ ይመጣል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ የተንገጫገጨ በርሜል ሳይረጋ ከተከፈተ ግማሹ አረፋ ስለሚሆን፣ ይህን እስክማር ድረስ ትርፌን በባልዲ ስደፋ ከርሜያለሁ። ዘፋኟ አምባሰልን ስታነሣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነጋዴ ሳይቀሩ ብድግ ብለው ግንባሯ ላይ ብር ይለጥፉ ነበር። ባለቤቱ ግን ዘፈን አይሰማም፤ ዓይኑ በሩ ላይ፣ ጆሮው ጀነሬተሩ ላይ ነው። ጥፋት አልነበረብኝም አልልም፤ አስተናጋጆቹን በውድቅት ሌሊት የሚያደርስ መኪና ሳላዘጋጅ ሁለት ዓመት ማሠራቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በመጋቢት 2012 በኮሮና ተዘጋን። በኅዳር 2014 መጨረሻ ከተማዋ ነፃ ወጥታ ስመለስ ደግሞ ሞንታርቦው፣ ሚክሰሩና ፍሪጆቹ የሉም፤ የጠበቀኝ የሥጋ መቁረጫው ግንድ ብቻ ነበር፤ ለመሸከም ስለከበደ ይመስለኛል። ተበድሬ እንደገና አሟላሁ። ከሐምሌ 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ግን ደንበኛዬ በጊዜ ቤቱ መግባት ለመደ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ባጃጅ ፍለጋ የሚጨነቅ ሰው፣ 4 ሰዓት ላይ የሚሞቅ ቤት አይመጣም። የዘጋሁት እንግዲህ ንስሐ ገብቼ ሳይሆን ሒሳቡ እምቢ ስላለኝ ነው።

እርስዎም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ሠርተው፣ ጥጥ ፀጉርዎ ላይ ተሰክቶ ጠዋት ሲገቡ እናታችን «አባታችሁ ተኝቷል» እያለች ዝም ታሰኘን ነበር። ልጆቼም ያደጉት ይህንኑ እየሰሙ ነው።

ለፋሲካ ማግሥት መኪና እልክልዎታለሁ። ክለቡ የነበረበትን አዳራሽ አንድም ቀን ገብተው አላዩትምና፣ ጣሪያውንና ግድግዳውን አይተው ለቁርስ ቤት ይሆን እንደሆነ ይንገሩኝ። መብራቶቹን እስከዚያ አላወርዳቸውም።

አክባሪ ልጅዎ