ልጁ አፉን ባይፈታ አስቀድመን ጆሮውን እናሳይለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኮልፌ ውስጥ የኬጂ መምህርት ነኝ። ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲቆይ ለወላጅ የሚሰጠው ምክር በጣም ያሳስበኛል። «አባቱም ዘግይቶ ነው ያወራው፣ ቆይ ይፈታለታል» ይባላል። ወይም «ምላሱ ታስሮ ነው፣ ይቆረጥለት» የሚል ይመጣል። ይሰማል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አምና አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ክፍሌ ነበረች። ከኋላዋ ስጠራት አትዞርም። ፊት ለፊቷ ስቆም ግን አፍ አፌን እያየች ትከተለኛለች። ስንዘምር እጇን የምታነሳው ሌሎቹ ካነሱ በኋላ ነው። «ሰ» እና «ሸ» ከአፏ አይወጡም። እናትየዋን ሳነጋግራት፣ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ጆሮዋ መግል ይፈሳል፤ ጥጥ እየወተፉላት ነው የኖሩት። ሐኪም ጋ ሄደው መታከም ስትጀምር እኔም ፊት አስቀመጥኳት። ቀስ በቀስ ማውራት ጀመረች።

ሌላው ጉዳይ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆነች እናት «ልጁ ዘገምተኛ ነው፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ አውሩት» ተብላ ልጇን ይዛ መጣች። የእሷ አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ኦሮምኛ የምትችለው ረዳቴ የሥዕል መጽሐፍ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። በጉን ሲያይ «ሆላ»፣ ውሃውን ሲያይ «ቢሻን» አለ። ቀጥሎ ስለ አያቱ በግ ያወራላት ጀመር፣ ማቆሚያም አልነበረው። ይህ ልጅ ምንም የቋንቋ ችግር የለበትም! እውነተኛ ችግር ቢኖር ኖሮ በኦሮምኛውም ይታይ ነበር። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ሲመዘን የሁለቱም ቃላት አብረው መቆጠር አለባቸው። እናት አፏን በፈታችበት ቋንቋ አታውሪው ከተባለች ልጁ የሚሰማው ወሬ ራሱ ይቀንስበታል።

በሌላ በኩል ዝም ብሎ መጠበቅም ልክ አይደለም። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ወደ 50 ቃላት ይኖሩታል፤ «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል ያገጣጥማል። ይህ ከሌለ፣ ወይም ይላቸው የነበሩትን ቃላት ከተዋቸው፣ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

የጤና ቢሮን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ይሰጣል፤ እናቶች ለዚያ ጤና ጣቢያ መምጣታቸው አይቀርም። ነርሷ በዚያው ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? የፈለገውን በጣቱ ያሳያል? እጅ ሳትዘረጉ «አምጣ» ስትሉት ይገባዋል? አንዱ እንኳ ካጠራጠረ የጆሮ ምርመራ ይታዘዝለት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀምሯል፤ ቁጥራቸው ግን ገና ጥቂት ነው። እነሱ እስኪበዙ ልጆቹን በየቀኑ የምናያቸው እኛ የኬጂ መምህራን ነንና፣ ምልክቶቹን የምንለይበት አጭር ሥልጠና ከመጪው መስከረም በፊት ይሰጠን።

የኬጂ መምህርት፣ ከኮልፌ