የሸዋበሩን አዛን ቀድቼልሻለሁ

ደሴ፣ ሰኔ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.

እታለም፣

እንዴት ነሽ? የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ክረምቱ ገብቷል። ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል። ከዓመት በላይ ጠፋሁብሽ፣ ይቅር በዪኝ። ብዙ ካወራሁ ማልቀሴ ነው፤ አንቺ ደግሞ የእኔን ለቅሶ አትወጅም። ስለዚህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። እማዬ መርከብ ልትሳፈር ነው።

አዎ፣ እማዬ! ያቺ ሐይቅ ላይ ታንኳው ትንሽ ዘንበል ሲል የሁለታችንንም ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ "እስጢፋኖስ ድረስ!" ያለችው። ያን ቀን ሳቅሽ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር።

እህቴን ልታርስ ጥር 2012 እንደሄደች የኮሮና ወረርሽኝ መጣና እዚያው ሜሪላንድ ቀረች። አሁን እህቴና ባሏ ከፍሎሪዳ ተነስቶ ካሪቢያን ዞሮ የሚመለስ የሰባት ቀን ጉዞ ሊገዙላት ነው። ብሩን እስከ ሐምሌ 3 ይከፍላሉ። አሜሪካ እነዚህን መርከቦች ያስቆመችው መጋቢት 5 ቀን 2012 ነበር፤ እኛ አገር የመጀመሪያው ሰው ተገኘ በተባለ ማግስት። ከዚያ ወዲህ ከአሜሪካ ወደብ መንገደኛ ጭኖ የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ መርከብ ገና ባለፈው ቅዳሜ ነው የሄደው። ሌላው ሰው ሞክሮ እስኪያየው እንኳ አልጠበቁም!

እህቴ መልስ አላት። ከመንገደኛው 95 ከመቶ፣ ከሠራተኛው 98 ከመቶ የተከተበበት መርከብ ነው ትለኛለች። እማዬም ሁለቱንም ዙር ወስዳለች። እኔ ግን ጃፓን፣ ዮኮሃማ ላይ የቆመውን ዳይመንድ ፕሪንሰስ የሚሉትን መርከብ አልረሳሁትም። 3,711 ሰው ይዞ 712ቱ ታመሙ። ያኔ ክትባት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም ሌሊት እሱን እያሰብኩ እነቃለሁ። እማዬ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳርም አለባት። አንድ ቀን ብታስልና መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቢዘጉባትስ? በምን ቋንቋ ትነግራቸዋለች? መድኃኒቷንስ ማን ያስታውሳታል?

ደውዬ "አይሆንም፣ አትሄጂም" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ?

"ልጄ፣ ዓመት ከመንፈቅ ዓለምን በመስኮት አየሁ። በረዶውንም በመስኮት፣ አበባውንም በመስኮት። ቡና የሚያጣጣኝ ጎረቤት እንኳ የለኝም። አንድ ሳምንት ነፋስ ልቀበል ብል አንቺ ከደሴ ትዘጊብኛለሽ?"

አፌ ተሳሰረ። እማዬ እኮ አቦል ጠጥቶ የሚነሳን ሰው በረካውን ሳታስጠጣ የማትለቅ ሴት ናት። እንዴት አድርጋ ቻለችው?

እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አምና በረመዳን፣ የምትሠሪበት መርከብ መንገደኞች ወርደው እናንተ ሠራተኞቹ ማኒላ ፊት ለፊት መልህቅ ጥላችሁ የቀራችሁ ጊዜ፣ የድምፅ መልእክት ልከሽልኝ ነበር። "የሸዋበር መስጊድን የመግሪብ አዛን ቅጂና ላኪልኝ፣ በሱ ላፍጥር" አልሽኝ። አልላክሁልሽም። ያኔ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር፣ ታክሲው ግማሽ ነበር የሚጭነው፣ የእኔም ሥራ ቆሞ ነበር። ግን ይኼ ሁሉ ምክንያት አይሆነኝም። መስኮት ብከፍት አዛኑ ቤቴ ድረስ ይሰማል። እውነቱ፣ ቀንቼብሽ ነበር። የባሕሩን ፎቶ አይቼ "ትልቅ ሆቴል ውስጥ ተኝታ ምን ጎደለባት" አልኩ። ምግብሽን በር ላይ አስቀምጠውልሽ እንደሚሄዱ፣ ሰው ሳታዪ ስንት ቀን እንደምትውዪ ነግረሽኝ ነበር እኮ። ሰምቼሽ አልሰማሁሽም። እማዬ "በመስኮት፣ በመስኮት" ስትል ነው የአንቺ ድምፅ ጆሮዬ ላይ የመጣው።

እናትሽን ባለፈው ሰኞ ገበያ አገኘኋቸው። "ከልጄ ጋር ትገናኛላችሁ?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። ዋሸኋቸው። ቤት ወስደው ቡና ጀባ ሲሉኝ ስኒው እጄ ላይ ከበደኝ።

አሁን የምለምንሽ፣ ለእማዬ ደውዪላት። እኔ ፍርሃቴን ነው የማወራት፣ እህቴ ደግሞ ደስታዋን። አንቺ ግን መርከቡን ከውስጡ ታውቂዋለሽ። ሰው ሲታመም ምን እንደሚያደርጉ፣ ሐኪሙ የት እንደሚገኝ፣ ምን ዓይነት ክፍል እንደሚሻላት ሳትሸፋፍኚ ንገሪያት። በረንዳ ያለው ይሁን ካልሽ እህቴን እኔ እለምናታለሁ። ሂጂ ካልሻት ትሂድ፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ቅሪ ካልሻትም ካንቺ ስትሰማው አይከፋትም። ልጇ ነሽ።

ለአረፋ ትመጫለሽ? ትዳርስ? አሁንም ወንዱ ሁሉ አጠረብሽ? ይኼን ሳትመልሺ እንዳታልፊ።

ትናንት ማታ መስኮቱን ከፍቼ የመግሪቡን አዛን ቀድቼልሻለሁ። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። መሐል ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ይሰማል፤ ልቆርጠው ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። የእማዬንም ስልክ አብሬ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። የምታነሳው ሕፃኑ ሲተኛ ነው፣ እዚያ አመሻሽ ላይ። የማታውቀው ቁጥር ስለሆነ እንዳትዘጋብሽ ቶሎ "እማዬ" በያት። በድምፅሽ ታውቅሻለች።

ያንቺው