እንኳን ማርያም ማረችሽ ላላችሁን ሁሉ

ሐዋሳም ፍራንክፈርትም ላላችሁ ወዳጆቻችን፣ አንድ በአንድ እየደወልኩ ላመስግን ብል የወላጅነት ፈቃዴ ስለሚያልቅ ሁላችሁንም እዚሁ ላመስግን። የልጃችንን ስምና ፎቶ ያልለጠፍኩት ደብቄያችሁ አይደለም። እማዬ «ዓይን ያርፍባታል» ብላ ከልክላኝ ነው። ቤቷ ተቀምጬ፣ ወጧን እየበላሁ ከእማዬ ጋር አልከራከርም።

ላልሰማችሁ በአጭሩ፦ ባለቤቴ ፍራንክፈርት በኦፕራሲዮን ወለደች። ምጡ ረዘመ፣ የልጅቷ የልብ ምት ወረደ፣ ሐኪሞቹ ባለቤቴን ይዘው ሮጡ፣ እኔ ኮሪደር ላይ ማርያም ማርያም እያልኩ ቀረሁ። ተመስገን፣ ሁለቱም በሰላም ወጡ። አረፍን ስንል ደግሞ ልጅቷ ቢጫ ሆነች። አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው አሉን፤ ጉበታቸው ገና ስላልጠና ደማቸው ውስጥ ቢሊሩቢን የሚባለው ነገር ይበዛል። ሕክምናው ሰማያዊ መብራት ነው። ዓይኗን በነጭ መሸፈኛ ጋርደው፣ በዳይፐር ብቻ መብራቱ ሥር አስተኟት። እጄን በተኛችበት ሣጥን መስኮት አስገብቼ ስነካት ጣቴን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ፤ ነርሷ መጥታ እስክታላቅቀኝ ወገቤ እየተቆረጠ እንደጎበጥኩ ቆምኩ።

ያን ጊዜ እማዬ አጠገባችን መሆን ነበረባት። ቪዛ ተከለከለች። ምክንያቱ «ተመልሳ ትሄዳለች ብለን አናምንም» ነው። ዶሮዎቿንና እድሯን ትታ ሻሸመኔ እንኳን የማታድር ሴት! ይሁን፣ አልፏል።

«የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ ደውሉ» ያላችሁን ሁሉ እናመሰግናለን። ግን እውነቱን ልናገርና አልደወልንም። አራስ ቤት ያለ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው አስቦ፣ ከዚያ ስልክ አንስቶ ለመለመን አቅሙ የለውም። እኛን ያቆማችሁን ሳትጠይቁ የመጣችሁት ናችሁ። ቁልፋችንን ተቀብለሽ፣ ቤቱን አጽድተሽና አሙቀሽ የጠበቅሽን እህታችን፤ ከሥራ በፊት በባቡር የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘሽ ስትመላለሺ የከረምሽው፤ ከአገር ያስላክሽውን ቅቤ ለፋሲካ ብለሽ ፍሪዘር ውስጥ ሸሽገሽ ስታበቂ ለአራሷ ገንፎ ያወጣሽው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ገንፎው እኔ ላይ የወደቀ ቀን እማዬ በቪዲዮ «አማስል! እጅህ አይቁም!» እያለች ስትጮህ ከላይ ያሉት ጀርመናዊ ሽማግሌ ጠብ መስሏቸው በሩን አንኳኩ። ሕፃኗን አይተው ፈገግ ብለው ተመለሱ። በማግስቱ በራችን ላይ አንድ ድስት ትኩስ ሾርባና «ድስቱን ለመመለስ አትቸኩሉ» የሚል ወረቀት አገኘን። ጀርመን ጎረቤቱን አያውቅም የምትሉ ሰዎች፣ ይኸው።

አዋላጇንም አልረሳትም። እዚያ አገር አዋላጅ ከወሊድ በኋላ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ ወጪውን የጤና መድኅኑ ይሸፍናል። ስፌቱን ታያለች፣ ልጅቷን ትመዝናለች፣ ጡት አያያዙን ታስተካክላለች። ገንፎ ብላት በርበሬው ፊቷን አቀላው፣ ግን ሳህኑን ጠርጋ ነው የሄደችው።

እንግዲህ ወደ ሐዋሳ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳውና፣ እማዬ መምጣት ካልቻለች እኛ እንሂድላት አልን። ጀርመን ለአባትም የወላጅነት ፈቃድ ስለሚሰጥ እኔም ከሥራ ወጣሁ። ገብርኤል ተነሳች። ውሃው ሲነካት የጮኸችውን ጩኸት ታቦር ተራራ ላይ የነበረ ሰው ሳይሰማ አልቀረም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ የእድሩ ድስት ተጥዷል፤ እኔ ለአንድም ሰው ትእዛዝ አልሰጠሁም። የእድራችን አባቶችና እናቶች፣ እማዬ ስትከፍል የኖረችውን መዋጮ በአንድ ቀን መለሳችሁላት። በሌሊት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርዳችሁ ዓሣውን ያመጣችሁ የሰፈር ልጆች፣ እናንተን ደግሞ ሳልጋብዛችሁ አልሄድም።

የሲዳማዋ ጎረቤታችን እማማ ቡርሳሜውን፣ ያን በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ፣ በሻፌታ (በሸክላ ገበታ) ሙሉ ይዘው መጡ፤ ቅቤው ከእንሰቱ ላይ እየቀለጠ በሸክላው ዳር ዳር ይወርዳል። ይህን ምግብ እኔ የማውቀው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ነው። በልጅነቴ ከልጆቻቸው ጋር «አይዴ ጫምባላላ» እያልን ከቤት ቤት ስንዞር፣ ያኔ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓሉን ከመመዝገቡ በፊት፣ የማን ልጅ ነህ ሳይሉ ያጎርሱኝ ነበር። ባለቤቴ አዲስ አበባ ነው ያደገችው፣ ቀምሳ አታውቅም። ሁለተኛ ዙር ስትጠይቅ እማማ እልል አሉ።

ልጅቷን ቅቤ ልታስውጡ የመጣችሁ እናቶቻችን፣ እንዳትቀየሙን። እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አይሰጥም። የጀርመን ሥልጣኔ አመጡብን ብላችሁ ነበር፣ የእኛው ጤና ጣቢያም የሚለው ይህንኑ ነው። ነገሩ ሊከር ሲል ነርሷ ጎረቤታችን «በቃ፣ ቅቤው ለእናትየው አናት ይሁን!» ብለሽ ገላገልሽን። የባለቤቴ ትራስ ሁሉ እስካሁን ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በፀሐዩ ላይ ግን ተስማምተናል። እዚያ አገር ፀሐይ ብርቅ ስለሆነ ሕፃናት የመጀመሪያ ዓመታቸውን በየቀኑ ቫይታሚን ዲ ይሰጣቸዋል፤ እዚህ እማዬ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቅባት ቀብታ ታሞቃታለች። ጠብታውንም አላቆምን፣ ፀሐዩንም አልከለከልን።

አንድ ምስጋና ቀርቶኛል፣ ስሙን የማላውቀው ሰው ነው። ከክርስትናው በኋላ ልጅቷ ሌሊት አተኮሳት። ሐዋሳ ወባ አለና ሁላችንም ክው አልን። በፒጃማ መንገድ ላይ ስንቆም ወደ ቤትህ ልትገባ የነበርከው የባጃጅ ሾፌር ሳናስቆምህ ቆምክልን። ጉድጓዱን እየሸሸህ፣ ልጅቷን ሳታንገራግጫት አደረስከን። ደሟ ታየ፣ ወባ የለም፣ ጉንፋን ነው ተባልን። ስንወጣ በር ላይ ቁጭ ብለህ እየጠበቅከን ነበር። ሒሳብ ስጠይቅህ «አራስ አድርሶ ማን ብር ይቀበላል፣ ውረድ ባክህ» አልከኝ። ይህ ደርሶህ ካነበብከው ቤቱን ታውቀዋለህ፣ ብቅ በልና ቡና ጠጣ። እማዬም በየቀኑ ስላንተ ትጠይቀኛለች።

ሌላ ደግሞ፣ የእድሩን ዕቃ ቆጥረን መልሰናል፣ ግን አንድ አረንጓዴ ፔርሙዝና ሁለት ነጠላ ባለቤታቸው ጠፍቶ እኛ ጋ ቀርተዋል። ሳንበር ኑና ውሰዱ። ከበረርን በኋላ ፔርሙዙን እማዬ እንደምትወርሰው ከአሁኑ አስጠንቅቄያለሁ።