የዳታ ቅሬታ ከመዝገብ ጋር ይቅረብ

የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

የገዙት የኢንተርኔት ጥቅል ወሩ ሳይጋመስ እንዳለቀባቸው የሚገልጹ የአንባቢያን ደብዳቤዎች በአምዳችሁ ላይ በተደጋጋሚ ይወጣሉ። እኔ በምኖርበት በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይህ ቅሬታ ከውኃና ከመብራት ቀጥሎ ጎረቤት ከጎረቤት የሚነጋገርበት ጉዳይ ነው። የመስመር ኢንተርኔት ያላስገባ ቤተሰብ ኮምፒውተሩን የሚያገናኘው የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ስለሆነ እያንዳንዷ ጊጋ ዋጋ አላት። ቅሬታውን አላጣጥልም። ይሁን እንጂ እስካሁን ካነበብኳቸው ደብዳቤዎች መካከል በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ዳታ እንደሄደ የሚያሳይ አንድም አላገኘሁም። እንዲህ ያለውን አቤቱታ አገልግሎት ሰጪው «ሲስተሙ ተጠቅመዋል ይላል» በሚል አጭር መልስ ይዘጋዋል፤ ደንበኛውም የሚመልሰው አይኖረውም። ሊኑክስ የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) በተጫነበት ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ግን ማስረጃውን ያለ ምንም ክፍያ በገዛ ማሽኑ ላይ ማዘጋጀት ስለሚችል፣ አሠራሩን ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት ፈለግሁ።

የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ በዋይፋይም ሆነ በኬብል በኩል የገባውንና የወጣውን ዳታ ለየብቻ፣ ያለማቋረጥ ይቆጥራል። ችግሩ ቆጠራው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ከዜሮ መጀመሩ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ እንዲህ ያለ ቆጠራ ለወር ሒሳብ አይበቃም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ቪኤንስታት (vnStat) የተባለው ፕሮግራም ነው። ቴሙ ቶይቮላ የተባሉ ባለሙያ ያዘጋጁት ነፃ ፕሮግራም ሲሆን ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የፕሮግራም ማከማቻዎች ውስጥ ይገኛል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ከበስተጀርባ ሆኖ የከርነሉን ቆጠራ እያነበበ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በየ5 ደቂቃው በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። በመሆኑም መብራት በድንገት ሲሄድ ከመዝገቡ የሚጎድለው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ንባብ ብቻ ነው። የምንልከውንና የምንቀበለውን ይዘት አይመለከትም፤ በራችን ላይ እንዳለው የመብራት ቆጣሪ መጠኑን ብቻ ይመዘግባል። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት (ተርሚናል) ላይ የፕሮግራሙን ስም ጽፎ ከኋላው ሰረዝና ኤም የተባለችውን የእንግሊዝኛ ፊደል የጨመረ ሰው (vnstat -m) የየወሩን ሠንጠረዥ ያገኛል። በኤም ፈንታ ዲ ቢጽፍ የየቀኑን፣ ኤች ቢጽፍ የየሰዓቱን ያሳየዋል።

ሠንጠረዡ ምን ሊያወጣ እንደሚችል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የሒሳብ ሥራ ቤቷ ሆና የምትሠራ ጎረቤቴ ወርኃዊ ጥቅሏ ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቅባት ነበር፤ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዳም የሚያረካ መልስ ሳታገኝ ተመልሳለች። ኡቡንቱ በተጫነበት ላፕቶፗ ላይ ቪኤንስታትን ጫንንና ጥቂት ቆይተን የየሰዓቱን ሠንጠረዥ ከፈትን። ኢሜይልና የሒሳብ ሰነዶች ብቻ ስትልክ በዋለችባቸው ሰዓቶች የሄደው ዳታ በጥቂት ሜጋ የሚቆጠር ነው። ጠዋት ሆትስፖቱን እንደከፈተች ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ላይ ግን የገቢው አምድ ወደ አንድ ጊጋ ተጠግቷል፤ በዚያው መስመር ላይ ያለው የወጪ አምድ ደግሞ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በሚቀጥለው ጠዋት ኔትሆግስ (nethogs) የተባለውን፣ ኢንተርኔቱን በዚያ ቅጽበት እየሳበ ያለው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ በስም የሚያሳየውን መሣሪያ ከፍተን ስንጠብቅ ስናፕዲ (snapd) የሚለው ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ፤ ይህ ስናፕ የተባለውን የፕሮግራም መጫኛ መንገድ ከበስተጀርባ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ በስናፕ በኩል የተጫኑ ፕሮግራሞችን፣ ፋየርፎክስ የተባለውን የድረ ገጽ ማሰሻ ጭምር፣ አዲስ ዕትም ወጥቶላቸው እንደሆነ በቀን 4 ጊዜ እየፈተሸ ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ ያወርዳል። ገደብ የሌለው መስመር ላለው ሰው ይህ ጥሩ አሠራር ነው፤ በጊጋ ለሚገዛ ሰው ግን ሳያውቀው የሚወጣ ወጪ ነው።

መፍትሔውም እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። በዋይፋዩ ቅንብር ውስጥ ግንኙነቱ የዳታ ገደብ እንዳለበት የሚያመለክት ምርጫ ስላለ፣ እሱን ማብራት ሲስተሙ ትልልቅ ማውረዶችን በራሱ እንዳይጀምር ያደርጋል። ስናፕ ግን ይህን ምልክት እንዲያከብር ለብቻው መታዘዝ ይኖርበታል፤ ትእዛዙም ሪፍሬሽ ሜትርድ (refresh.metered) የተባለውን ቅንብር ሆልድ (hold) ብሎ ማስቀመጥ ነው። ማዘመኑን ጨርሶ መዝጋት ኮምፒውተሩን ለጥቃት ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ አልመክርም፤ ዋጋው በሚቀንስበት የሌሊት ጥቅል ወይም መስመር ባለበት ቦታ ሆኖ ማዘመን ይቻላል።

ይህም ሆኖ የጎረቤቴ ላፕቶፕ በወሩ የሳበው ጠቅላላ ድምር ከገዛችው ጥቅል በብዙ ያንስ ነበር። ቪኤንስታት የሚያየው በተጫነበት ኮምፒውተር በኩል ያለፈውን ብቻ ነው፤ በዚያው ሆትስፖት ላይ ልጆች በሌላ ስልክ ቪዲዮ ቢያዩ፣ ወይም ስልኩ ራሱ ቢጠቀም አይመዘግበውም። በአንጻሩ ከአታሚ ወይም ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚደረገው የፋይል ዝውውር ከጥቅሉ ላይ ሳይቀነስ በመዝገቡ ላይ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ የላፕቶፑን መዝገብ የያዘ ሰው የአንድሮይድ ስልኩን የዳታ አጠቃቀም ገጽም አብሮ መያዝ አለበት፤ በሆትስፖት የወጣው እዚያ ራሱን ችሎ ይታያል። ስልካቸውን በዩኤስቢ ገመድ የሚያገናኙ ሰዎች ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ግንኙነቱ በኮምፒውተሩ ላይ ከዋይፋዩ የተለየ ስም ስለሚይዝ፣ ፕሮግራሙ ሲጫን ያልነበረውን አዲስ ስም ተጠቃሚው ራሱ ካልጨመረለት በስተቀር በዚያ መንገድ የሄደው ሁሉ ሳይመዘገብ ይቀራል።

የቀን አቆጣጠሩም መታየት ያለበት ነው። ብዙዎቻችን የምንገዛው ጥቅል የ30 ቀን ነው፤ የእኛም ወር 30 ቀን በመሆኑ በመጋቢት 1 የተገዛ ጥቅል ልክ ሚያዝያ ሲገባ ያበቃል፤ ሒሳቡ የሚዛነፈው ጳጉሜን ሲመጣ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ወሩን የሚዘጋው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በፕሮግራሙ የቅንብር ፋይል ወሩ የሚዞርበትን ቀን ከ1 እስከ 28 ባለው ቁጥር መቀየር ቢቻልም፣ የፈረንጆቹ ወር አንዴ 30 አንዴ 31 ስለሚሆን ከጥቅሉ ጋር ለረጅም ጊዜ አይገጥምም። የተሻለው መንገድ የየቀኑን ሠንጠረዥ፣ ለምሳሌ ለመጋቢት ወር ከማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8 ብሎ፣ መነሻና መድረሻ ቀን ሰጥቶ ማውጣት ነው። ፕሮግራሙ ዕለቱን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንደሆነም ልብ ይሏል።

ከሁሉም በላይ ሰዎችን የሚያጣላው ግን የመለኪያው ጉዳይ ይመስለኛል። ቪኤንስታት ካልቀየሩት በቀር ኪሎውን ወደ ሜጋ፣ ሜጋውን ወደ ጊጋ ሲያሳድግ በ1000 ፈንታ በ1024 ስለሚያሰላ የእሱ አንድ ጊጋ 1,073,741,824 ባይት ነው፤ በ1000 ከሚሰላው ጊጋ በ7 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። በ1000 የተሰላ 30 ጊጋ ሙሉ በሙሉ ጥቅም ላይ ሲውል ኮምፒውተሩ 28 ጊጋ ገደማ ብቻ ይለዋል። ይህን ያላወቀ ደንበኛ 2 ጊጋ ተሰረቅሁ ብሎ ቢከስ አይፈረድበትም፤ የሸጠለት ድርጅት በየትኛው ስሌት እንደሚቆጥር በግልጽ ጽፎ ሊሰጠው ይገባ ነበርና።

ጥያቄዬም እዚህ ላይ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሟል። የዳታ ጥቅል የገዛ ደንበኛ ቀሪ ሒሳቡን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ የተቀነሰበትን መጠን በዝርዝር እንዲያገኝ፣ አንድ ጊጋ ስንት ባይት እንደሆነና ዕለቱ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ በዝርዝሩ ላይ እንዲጻፍ ባለሥልጣኑ ድርጅቶቹን ቢያስገድድ፣ የደንበኛው መዝገብና የድርጅቱ መዝገብ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመረመራሉ። አሁን ያለው አንድ ወገን ብቻ የሚያየው መዝገብ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ ደንበኛን «አንተ ነህ የተጠቀምከው» ማለት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

አቤቱታ ለማቅረብ ያሰቡ አንባቢዎችም ቪኤንስታት የየቀኑን መዝገብ በነባሪው ቅንብር ለ62 ቀናት ብቻ እንደሚያቆይ አውቀው፣ ሠንጠረዡን ጥቅሉ ባለቀ ዕለት ወደ ፋይል ገልብጠው ከስልካቸው የአጠቃቀም ገጽ ጋር እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ። ዝግጅት ክፍላችሁም ስለ ዳታ የሚደርሱትን ደብዳቤዎች ከማውጣቱ በፊት ጸሐፊዎቹ መዝገብ ያላቸው እንደሆነ ቢጠይቅና ያላቸውን አስቀድሞ ቢያስተናግድ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከኮዬ ፈጬ