አርፏል ያልነው ህዋስ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ይህን ያህል ዓመት ጠፍቼ ድንገት ስለ ሽንኩርት ሥር ስጽፍልህ ስቀህ እንደምታልፈኝ አውቃለሁ።

የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ አስጠናኝ ብላኝ ነው። አፌ ላይ የመጣው ያው እኔና አንተ እንደ ዳዊት የደገምነው የህዋስ ክፍፍል ደረጃዎች ዝርዝር ነው፦ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ። በሁለት ክፍፍሎች መካከል ያለውን ጊዜ፣ ኢንተርፌዝን፣ "ህዋሱ የሚያርፍበት" ብዬ ላልፈው ስል፣ "ካረፈ ዲኤንኤውን ማን እጥፍ አደረገለት?" አለችኝ። ምን ልበል?

በኋላ ላብራቶሪ ገብተን አየነው። የሥሩን ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጠን፣ በአሲድ አለስልሰን፣ አጥበን፣ ቀለም አስነክተን፣ ስስ መስታወት ጭነንበት በአውራ ጣት መጫን። የመጀመሪያው መስታወት ጣቴ ሥር ቀጭ አለ። ሁለተኛው ተሳካ። 400 ጊዜ ሲጎላ ህዋሶቹ እንደ ጡብ ተደርድረዋል። አንዱ ውስጥ ክሮሞዞሞቹ፣ ዲኤንኤውን የያዙት ክሮች፣ መሃል ላይ ተሰልፈዋል፤ ጎረቤቱ ውስጥ ወደ ሁለት ጫፍ ሲጎተቱ እንደነበሩ ቀርተዋል። አብዛኞቹ ግን ኢንተርፌዝ ላይ ናቸው፤ የሚታየው ዲኤንኤው ያለበት ክብ ኒውክለስ ብቻ!

የሞተ ህዋስ ስለ ጊዜ ምን ይነግራል ትለኝ ይሆናል። ሳትቀጣጠር መቶ ቤት ብታንኳኳ፣ ብዙውን ሰው የምታገኘው ረጅም ሰዓት በሚወስድበት ሥራ ላይ ነው። በ24 ሰዓት ገደማ አንዴ የሚከፈል የሰው ህዋስ፣ ክፍፍሉ ራሱ የሚፈጅበት አንድ ሰዓት ያህል ነው። በቀረው ጊዜ ያድጋል፣ ፕሮቲን ይሠራል፣ ዲኤንኤውን ይገለብጣል። የሽንኩርቱ 16 ክሮሞዞሞችም እዚያው ናቸው፤ እንደ ተፈታ ክር ስለተበተኑ ነው የማይለዩት። ይህን ነው እረፍት ያልነው! የኔን ዝምታ ግን ኢንተርፌዝ ነው ብለህ እንዳትምረኝ፤ እሱ ስንፍና ነው።

ደግሞ ያ አብረን የሳልነው የሽንኩርት ህዋስ! ወገቡን አጥብቀን ለሁለት ቆርጠነው ሙሉ ማርክ አገኘንበት፤ አራሚውም አላየው። እንደዚያ የሚከፈለው የእንስሳ ህዋስ ነው። የሽንኩርቱ ግድግዳ ግትር ስለሆነ ወገቡ አይጠብቅም፤ አዲስ ግድግዳ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ያድጋል። በሁለቱ ኒውክለሶች መካከል የምትታየው ቀጭን መስመር እሷ ናት። እሷን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት አፍጥጫለሁ።

ስዕሉ አንተ ደብተር ላይ ነበር። ካልጣልከው ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ልጅቷ ሙሉ ማርክ ማግኘታችንን አላምንም ብላለች።

ያንተው